ለአንድ ዐይን የታቀደ ጉዞ

ወንድሜ ወረቀቱን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠርዞቹን በብርጭቆ ያዘ። "ይኸ ባሕር ዳር፤ ይኸ ወረታ፤ ይኸ ደብረ ታቦር" እያለ በጣቱ ሄደ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት፣ ከጋይንት ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ቁልቁል ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ አፋር ቆላ። ልጄ አጠገቡ ቆማ የየከተማውን ከፍታ ታነብለታለች። ስታነብ አንገቷን ወደ ቀኝ ታዞራለች፤ ግራ ዐይኗ ፊደሉን እንዲያገኘው ነው። በቀኝ ዐይኗ የምታየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። መሃሉ ከዐሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ የለም።

ጉዞው የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ነው። በሚመጣው ክረምት፣ ሐምሌ ተጋምሶ ሲያልፍ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ትጋረዳለች። ሙሉ በሙሉ የምትጨልመው ከቀይ ባሕር ማዶ ነው አሉ፤ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለንም። እኛ ጋ የሚደርሰው ከፊሉ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ሐምሌ ደመና ነው፤ ጣና ሳምንት ሙሉ ሰማይ ሳያይ ይከርማል። ቆላው ይሻላል፤ ሰማዩ ይገለጣል፣ የሚጋረደውም ከዚህ ይበዛል። ይህን ሁሉ ልጄ አስልታዋለች። ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ፊዚክስ ታጠናለች። ዶርም ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰባታሚት፣ ወደ ቤታችን ትመጣለች።

ወንድሜ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዘንድሮ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ፤ ከገዛት ጀምሮም ሩቅ አገር የሚያስኬደው ምክንያት ሲፈልግ ነበር።

"እታለም፣ አንቺ ከኋላ ነሽ። ስንቁም ጸሎቱም በአንቺ በኩል ነው" አለኝ።

"ስንሄድ መብራት ቢጠፋስ?"

"መብራት ከጠፋማ ጸሎቱን ትጨምሪያለሽ።"

ልጄ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልሁ።

"ይኸ መልስ አይደለም።"

መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንዲት ዐይን የቀረቻትን ልጅ ወደ ፀሐይ ይዘሽ ሂጂ ነው የሚሉኝ። የወረቀት የግርዶሽ መነጽር አላት፤ መምህሯ ለተማሪዎቹ ከውጭ ያስመጣው ነው። አምፖል ላይ አድርጌ ሞከርሁት፤ ምንም አይታይበትም። ልቤ ግን አላረፈም። በመጀመሪያውም ቀን ጥቁር ነገር ይዛ ነበር ያየችው።

ያ ቀን ኮሮና የገባበት ዓመት፣ በሰኔ ጾም፣ እሁድ ጠዋት ነበር። ቅዳሴው በጥቂት ካህናት ስለሚቀደስ እኛ ከቤት ሆነን እንጸልያለን። ፀሐይ ትጋረዳለች ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራል።

የምሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ካርድ አወጣለሁ፣ ካርድ እመልሳለሁ። ነጭ ጋወን ስለምለብስ ጎረቤቶቼ ሐኪም ያደርጉኛል። የሕፃን ትኩሳት ይጠይቁኛል፤ የመድኃኒት ወረቀት ያስነብቡኛል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የግቢያችን ሴቶች መጡ። "አንቺ ሐኪም ቤት ነሽ። ራጅ አታጪም፤ ለነገ ለልጆቹ።" ፀሐይን በራጅ ፊልም ማየት በሰፈራችን የታወቀ ነው።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የባሌ የደረት ራጅ ነበር። ባሌ በሳንባ ሕመም ከሞተ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ፊልሙን መጣል አልሆነልኝም ነበር። አወጣሁትና በመቀስ አራት ቦታ ቆረጥሁት። "ሳንባው ያለበት ጥቁሩ ይሻላል" አለች አንዲቱ። ጥቁሩን ለልጄ አስቀረሁላት።

በማግስቱ ግቢው መሃል ቆምን። ፀሐይ ቀስ በቀስ ቀጠነች፤ ማጭድ መሰለች። ብርሃኑ የበሽተኛ ፊት ይመስል ነበር። ወፎቹ ዝም አሉ። የጎረቤት ልጆች አንዴም ሁለቴም አዩና ወደ ጨዋታቸው ሄዱ። የእኔዋ ግራ ዐይኗን ጨፍና፣ ፊልሙን በቀኙ ላይ ይዛ ቀረች። "እያረፍሽ እዪ" አልኋት። "እማዬ፣ ጨረቃዋ ስትሄድ ይታየኛል!" አለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አላየሁም። ተውኋት።

ሰኞ ጠዋት "እማዬ፣ ፊትሽ ላይ ጥቁር ነገር አለ" አለችኝ።

በእጄ ጠረግሁ።

"አልለቀቀም" አለች።

ፊቴን ታጠብሁ። ፎጣውን እንደያዝሁ መጣሁ። አሁንም አለ። ከዚያ ግራ ዐይኗን በመዳፏ ከደነችና "አንቺ የለሽም፤ ጆሮሽ ብቻ ነው ያለው" አለችኝ።

አያምም። ያ ነው የሚያስፈራው። የዐይን ሐኪሙ መድኃኒት እንደሌለው ነገረን፤ እንጠብቅ አለ። ዓመት ጠበቅን። ከዳሩ ጥቂት ተመለሰ፤ መሃሉ ቀረ። ሐኪሙ የዚያን ዕለት በምን እንዳየች ጠየቀኝ። በራጅ ፊልም አልሁት። "በራጅ እንደማይታይ አልሰማችሁም ነበር?" አለ።

"ባውቅ ኖሮማ!" አልሁት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ዋሽቼ ነው። ዐርብ ዕለት በጤና ጣቢያችን የምትሠራው የዐይን ነርስ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ "እሁድ በራጅ ፊልም እንዳታዩ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ፤ ጨለማ ይመስላል እንጂ አይከላከልም" ብላን ነበር። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ካርድ እፈልግ ነበር። ሰማሁ። ሰው ሁሉ የሚያይበት ነው ብዬ በልቤ ናቅኋት። ቅዳሜ ሴቶቹ ሲመጡ ደግሞ ትዝ አለኝ። ሐኪም ቤት ነሽ ብለው ለመጡ ሰዎች የለኝም ማለት ከበደኝ።

የጎረቤቶቼ ልጆች አንዳቸውም አልተጎዱም። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ስለ ግራ ዐይኗም አመሰግናለሁ፤ ጨፍናት ባትሆን ኖሮ እሷም ትሄድ ነበር።

ግራዋ ትዳን ስል ተሳልሁ። በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ፣ ኪዳነ ምሕረት ፊት ተንበርክኬ፣ "ይቺን ተዪልኝ እንጂ ልጄ ዳግመኛ ቀና ብላ ፀሐይ አታይም" አልሁ። ጥላ አስገባሁ፤ በየዓመቱም ጧፍ አስገባለሁ። ለልጄ አልነገርኋትም። እንዲህ ያለ ምኞት ይመጣባታል ብዬ አላሰብሁም። ያየችው ነገር ያስጠላታል ብዬ ነበር።

አላስጠላትም። "አንድ ዐይን የከፈልኩበት ነገር ነው፤ በደንብ ሳላየው አልቀርም" አለች በዚያው ጠረጴዛ ላይ። ወንድሜ ብርጭቆ ማስተካከል ያዘ።

ዕቅዱ በየቅዳሜው ወፈረ። መኪናዋ ሞልታ ስትነሣ ሜዳ ላይ ብዙ ትሄዳለች፤ ዳገት ግን ይበላታል። ከጋሸና ወደ ወልድያ ያለው ቁልቁለት የበላውን ጥቂት ይመልሳል። መሙያ ጣቢያ በመንገዱ ስለሌለ በየአልቤርጎው ሶኬት ማደር ያስፈልጋል። ወንድሜ እየደወለ ይጠይቃል፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሰማናል።

"መኪና ነው ያልከኝ? ስልክ አይደለም?" አለችው አንዲት የአልቤርጎ ባለቤት።

"መኪና ነው፣ እመቤቴ። ሌሊቱን ሙሉ ትሰካለች።"

"ወንድሜ፣ መስመሩ ፍሪጃችንን እንኳ አልቻለው! አንተ በበቅሎ ብትመጣ ይሻላል፤ ሣር አለን።"

በአገራችን አሁን መንገድ የሚታቀደው በሁለት ወረቀት ነው። አንዱ የኪሎ ሜትር ነው፤ ሌላው የወሬ። የት ተኩስ ተሰማ፣ የት አውቶቡስ ቆመ፣ የት ሰው ታግቶ ተወሰደ። ሁለተኛውን ወረቀት ወንድሜ አይጽፈውም፤ በቃል ነው የሚይዘው። እሱ ሲያወራ እኔ የማስበው ሌላ ነው። ጥይትም ዳገትም አልፈው ቢደርሱ፣ መጨረሻው ልጄ ቀና ማለቷ ነው። ያችን ዐይን ነበር የማስባት። ቀና ብትል ስእለቴ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላውቅም።

የነፍስ አባቴ እርጅና ሲጫናቸው ወደ ተወለዱበት ዘጌ ተመልሰዋል። አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ጀልባ ተሳፈርሁ። ከቤታቸው ደጅ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አባ፣ ስእለት ይፈታል?"

"እንደ ስእለቱ ነው። ምን ብለሽ ተሳልሽ?"

ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ጥላ ሰጠሽ፤ ጥላው ያንቺ ነበር። ጧፍ ሰጠሽ፤ ያንቺ ነበር። ዐይኑ የማን ነው?"

"የልጄ ነው፣ አባ።"

"እንግዲያ ከሰው ቤት አንሥተሽ ነው ለእመቤታችን የሰጠሻት። ይኸ ስእለት አይደለም። ሰው የሚሳለው ከራሱ ነው።"

እፎይ አላልሁም። እሳቸው ደግሞ አዩኝ። "ሌላስ? ይኸን ለመጠየቅ ብቻ ጣናን አታቋርጭም።"

የዐርቡን ነገርኋቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ንስሐ እየገባሁ፣ ይኸን አንድ ነገር በ"ባለማወቅ" ጠቅልዬ አልፌው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ስግደት እሰጥሻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ጾም እሰጥሻለሁ። ግን አስቀድመሽ ለእሷ ንገሪያት። እግዚአብሔርማ ያን ጊዜም ያውቅ ነበር። ያላወቀችው እሷ ናት።"

"አባ፣ ትጠላኛለች።"

"ትጠላሽ ይሆናል" አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ ጸሎት አሳረጉልኝና ወደ ጀልባው ወረድሁ።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ አልነገርኋትም። ጠረጴዛው ላይ ወንድሜ አለ፤ ሲወጣ ደግሞ ልብስ ታጥባለች፤ ስታጥብ ጎረቤት ይመጣል። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አይጠፋም።

በአራተኛው ሳምንት እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንድሜ መኪናዋን እንሞክራት አለ። የደብረ ታቦር ዳገት ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ ነበር። የፎገራን ሜዳ በሩዝ ማሳ መሃል አለፍን። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ካጠገባቸው ስንደርስ ይደነግጣሉ። ወረታ ላይ፣ ወደ ዳገቱ በሚታጠፈው መንገድ፣ ገመድ ተወጥሮ መኪኖች ተሰልፈው አገኘን። ታጣቂው እጁን አወዛወዘ፤ ለጊዜው አይታለፍም። ወንድሜ ሊጠይቅ ወረደ። "ማቀዝቀዣውን እንዳትነኩብኝ፤ ባትሪው ለዳገቱ ነው" ብሎን ሄደ።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሌላ መኪና ቢሆን ሞተሩ ይንጫጫ ነበር። እዚያ ውስጥ የልጄ እስትንፋስ ይሰማል። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ፊቷን አላየውም፤ ምናልባት ያ ነው ያስቻለኝ።

"ያን ጊዜ፣ ራጁ እንደማይሆን ሰምቼ ነበር" አልሁ።

አልዞረችም። "መቼ?"

"ዐርብ። ነርሷ ነግራን ነበር።"

"ከእሁዱ በፊት ባለው ዐርብ?"

"አዎ።"

"ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር።"

"ሰምቼ ነበር።"

"መስማትና ማወቅ ምን ልዩነት አለው?"

"የለውም" አልሁ።

ከፊታችን ካለው አይሱዙ ላይ በጎች ይጮሁ ነበር። እነሱን የምትሰማ መሰለኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ተናገረች።

"እኔ በራሴ ነበር የምናደደው፣ እማዬ። እያረፍሽ እዪ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላረፍኩት። ስድስት ዓመት። ከሁሉ ልጅ እኔ ብቻ፣ ስግብግብ ስለሆንኩ ነው እያልኩ። አንቺም ሰምተሽኛል። አልቅሼ ነግሬሽ አውቃለሁ።"

"ሰምቼሻለሁ።"

"ምን አልሽኝ?"

"አይዞሽ፣ ልጅነት ነው አልሁሽ።"

"ልጅነት ነው አልሽኝ" አለች።

የቀረውንም ነገርኋት፤ ስእለቱን። የጀመርሁትን ልጨርስ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ዞረች። የዞረችው በግራ በኩል ነው፤ በሚያየው ዐይኗ እንድታየኝ።

"ዐይኔን ተስለሻል? እኔ ሳላውቅ?"

"ፈርቼ ነው። አባ ስእለት አይደለም ብለውኛል።"

"አባ ከእኔ በፊት ሰምተዋል ማለት ነው።"

ወንድሜ በሩን ከፈተ። "ዛሬ የለም፤ ተመለሱ ተብሏል። ዳገቱንም አላየነው" አለ። ሁለታችንንም አየ። "ምን ሆናችሁ? ማቀዝቀዣውን ነክታችሁታል እንዴ?"

ልጄ ወደ ፊት ዞረች። ባሕር ዳር እስክንገባ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲሄድ ብቻ ነበር የሚሰማው። ልጄ ፔዳ በር ላይ ወረደች። ለአጎቷ ደህና ዋል አለችው።

ሁለት ወር ወደ ቤት አልመጣችም። ስደውል ታነሣለች፤ "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ትዘጋለች። ደህና መሆኗን ስለምትነግረኝ አመሰግን ነበር። አባ የሰጡኝን ስግደት ጨረስሁ። ጤና ጣቢያ ያን ጊዜ የነገረችን ነርስ ዛሬም አለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድሁ፤ ማለቷን ረስታዋለች። ለጎረቤቶቼም ነገርኋቸው። አንዲቱ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነሣችኝ። ልጇ ደህና ነው፤ ቢሆንም አልፈርድባትም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ልጄ ከአጎቷ ጋር መጣች። ወረቀቱን ዘረጉ። እኔ ቆሜ ነበር።

"አጎቴ፣ እማዬ አትመጣም" አለች፤ እሱን እያየች።

"እታለም ካልመጣች ስንቁ…"

"ስንቁን ትሥራ። መምጣቱን ግን አትመጣም። ቀና ስል አጠገቤ የሌላ ሰው እጅ እንዲኖር አልፈልግም። መነጽሩን እኔ እፈትሸዋለሁ፤ እኔ አደርገዋለሁ፤ እኔ አወልቀዋለሁ። አንተም ብትሆን እንዳትነካው።"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። የምከራከር መስሎት ነበር።

"ይሁን" አልሁ።

መነጽሩን አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ፊቱንም ጀርባውንም መረመረች። በአንዱ ጠርዝ ላይ ጭረት ያለች መሰላት። ሁለት ጊዜ አየችው፣ በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ቀድዳ ጣለችው፤ ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች። "መምህሬ ሦስት ነው የሰጠኝ። የተጠራጠርኩትን አላደርግም" አለች፤ ለማን እንደምትናገር አላውቅም። እኔ የዚያን ዕለት እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አልሁ በልቤ፤ ወዲያው ተውሁት። አሁን የምትጠብቃት ራሷ ናት፤ ከእኔ ትበልጣለች። ስለዚህ ተመስገን አልሁ።

መንገዱ እስከ ሐምሌ ይከፈት እንደሆነ አናውቅም። ትናንትም ከጋይንት ወዲያ መኪና አልፏል የሚል አለ፤ አላለፈም የሚል አለ። ወንድሜ ግን መዘጋጀቱን አልተወም። ሶኬቱ ከመኪናው የሚርቅበት አልቤርጎ ስላለ ረጅም ገመድ አመጣ፤ የእኔን ቦታ ለእሱ ሰጠው። ውጭ በረንዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ መጠቅለል ያስፈልገዋል። ወንድሜ የኋላ መቀመጫውን ሲያጥፍ፣ ልጄ አንዱን ጫፍ ይዛ በክንዷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ይጎተታል። ሄጄ አነሣሁት።

"ላልቷል፤ ሳቢው" አለችኝ።

ሳብሁት።